ዓይን ለእግር ሲያበድር

ዣን ማርታን ሻርኮ በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል የነርቭ ሕክምናን በሚመራበት ዘመን፣ ከሩቅ ከተማ የሚመጡ የፓርኪንሰን ታማሚዎች አንድ የሚገርም ነገር ደጋግመው ይነግሩት ነበር። ባቡሩ እየናጠ፣ የፈረስ ጋሪው በድንጋይ ንጣፍ ላይ እየዘለለ ሲያመጣቸው የደረቀው ሰውነታቸው ይፍታታል፤ መንገዱ በከፋ መጠን እነሱን ይሻላቸዋል። ሌላው ተሳፋሪ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሲወርድ እነሱ ቀለል ብሏቸው ይወርዳሉ። ሻርኮ ነገሩን ሰምቶ አላለፈውም። እንደ ባቡር የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራና ታማሚዎቹን ያስቀምጥበት ጀመር። በ1892 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ወንበሩ ለተማሪዎቹ አስተማረ፤ በዓመቱ ሞተ። ተማሪው ዢል ደ ላ ቱሬት ሐሳቡን ተረክቦ ራስ ላይ የሚደፋ ተንቀጥቃጭ ቆብ እስከ መሥራት ደረሰ።

ሐዲድ በሌለበት፣ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ ለታማሚ የጉዞ ስሜት መስጠት። ዛሬ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ የሚባለው ሕክምና ከዚህ ወንበር ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። በእርግጥ ሻርኮ ኮምፒውተር አልነበረውም፤ መነጽርም አልሠራም። ነገር ግን የሌለን መንገድ በመሣሪያ ፈጥሮ የታመመን አካል በዚያ መንገድ ላይ ማስኬድ የሚለው ሐሳብ እሱ ዘንድ ተጀምሮ ነበር።

ወንበሩ ግን ይሠራ ነበር ወይ? መልሱ 120 ዓመት ፈጀ። በ2012 በቺካጎ የራሽ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሻርኮን ሐሳብ በዘመናዊ መንገድ ፈተኑት። ከፊሎቹን ታማሚዎች በሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው የተፈጥሮ ድምፅ አሰሟቸው፤ ሌሎቹ በዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ያለ ንቅናቄ ተቀምጠው ድምፁን ብቻ ሰሙ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ንቅናቄው ያመጣው የመሰለው እፎይታ፣ አረፍ ብሎ ተቀምጦ በመታከም ብቻም የሚገኝ ነበር ማለት ነው። የፓርኪንሰን ታማሚን በማሽን የማገዝ ታሪክ ሲነገር ይህን ውጤት ከፊት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት መሣሪያዎች ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቁ፣ አንድ ቀን በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆመዋልና።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከለንደኑ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በሆክስተን ሰፈር ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1817 ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጧ የስድስት ሰዎች ታሪክ አለ፤ ከእነሱ ግማሹን ያገኛቸው ጎዳና ላይ ነበር። አንደኛውን ጭራሹን ቀርቦ አላነጋገረውም፤ ከሩቅ ብቻ አየው። ሰውየው ብቻውን መራመድ አይችልም። ረዳቱ ከፊቱ ቆሞ ሁለት እጁን በትከሻዎቹ ላይ ያደርግለታል። ሰውየው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያለ እየተወዛወዘ ሚዛኑን እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ምልክት ይሰጥና በሩጫ ይነሣል። ረዳቱም ፈጥኖ ከፊቱ ዞር ብሎ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ወደ ሃያ እርምጃ ያህል ከሮጠ በኋላ ሊወድቅ ሲል ይቀበለዋል።

ፓርኪንሰን ይህን ሲጽፍ ስለ መንቀጥቀጥ ብቻ እየጻፈ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ብዙ ሰው ይህን ሕመም የሚያውቀው በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ቤተሰብን እንቅልፍ የሚነሣው ግን ብዙ ጊዜ እጁ አይደለም፤ መውደቁ ነው። ሰውነት ወደ ፊት ይጎብጣል፣ እርምጃው እያጠረ እየፈጠነ ይሄዳል፣ በር ላይ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ እግር መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲዞሩ ወይም ከኋላ በትንሹ ሲነኩ ግንዱ እንደተቆረጠ ዛፍ ይወድቃሉ። የጭን አጥንት ስብራት ከዚህ ይመጣል። ከስብራቱ የሚብሰው ደግሞ ፍርሃቱ ነው፤ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ከወንበሩ መነሣት ይተዋል፣ መነሣት የተወ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው የሟሸሸ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል።

ስለ ሚዛን ያለው ዕውቀት ከሌላ በኩል እያደገ ነበር። በርሊናዊው ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ በ1840ዎቹ አንድ ቀላል ፈተና አስተዋወቀ፤ ታማሚው እግሮቹን ገጥሞ ይቆምና ዓይኑን ይጨፍናል። የጀርባው ነርቭ የተጎዳ ሰው ዓይኑ ክፍት ሳለ ይቆማል፣ ሲጨፍን ይንገዳገዳል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ወገን በሚመጣ ወሬ መሆኑ እያደር ተገለጠ፤ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግር ጫማና ከመገጣጠሚያዎች። አንጎል ሦስቱን አመሳክሮ አካሉ ወዴት እንዳዘነበለ ይፈርዳል። ከሦስቱ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። የፓርኪንሰን ታማሚ ከሁሉ አብልጦ ወደ ዓይኑ ያዘነብላል።

ታማሚዎቹ ይህን ከሐኪሞቹ ቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። በሜዳ ላይ አንድ እርምጃ መራመድ የማይችል ሰው ደረጃውን ተንደርድሮ ይወጣል። ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ሱክ በ1921 ለዚህ ዓይነቱ ተቃርኖ ስም አወጣለት፤ ኪኔዚ ፓራዶክሳል፣ ማለትም ግራ የሚያጋባ እንቅስቃሴ። ስም ማውጣት ግን ማስረዳት አይደለም። ነገሩ ለብዙ ዓመታት እንደ ተአምር ሲወራ ኖረ።

ከዚያ 1967 መጣ። በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሮች ገጠሙ። በአሜሪካ ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓን ቀስ በቀስ እየጨመረ በብዛት ለታማሚዎች በመስጠት የደረቀ ሰውነት እንደሚፈታ አሳየ፤ በአንጎል ውስጥ የጎደለው ዶፓሚን መሆኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቪየና ታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ሆን እና ሜልቪን ያር ሕመሙን በአምስት ደረጃ ከፍለው አወጡ። ሦስተኛውን ደረጃ ከሁለተኛው የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ የሚዛን መጥፋት መጀመር። ሦስተኛው ነገር የብሪታኒያዊው ነርቭ ሐኪም የጄምስ ፐርደን ማርቲን መጽሐፍ መታተም ነበር።

ዓለም ሁሉ ያየው የመጀመሪያውን ነው። ሌቮዶፓ የሚሊዮኖችን ሕይወት ለውጧል፤ ይህ ሊካድ አይገባውም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ እጅን ሲያፍታታ፣ ፊትን ሲመልስ፣ ሚዛንን ያን ያህል አያድነውም። ሕመሙ ሲገፋ እንክብሉን በሰዓቱ የሚውጥ ሰውም ይወድቃል። ስለዚህ የማርቲን መጽሐፍ፣ በጊዜው የሕክምና ባለሙያዎች ብቻ ያነበቡት ቢሆንም፣ ለዚህ ታሪክ ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው።

ማርቲን የሠራው በሰሜን ለንደን በሃይላንድስ ሆስፒታል ነበር። እዚያ የነበሩት ታማሚዎች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ዓለምን ካዳረሰው የእንቅልፍ ወረርሽኝ ተርፈው ፓርኪንሰንን የሚመስል ሕመም የያዛቸው፣ አስርት ዓመታትን በአልጋና በወንበር ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ብዙዎች የተዋቸውን እነዚህን ሰዎች ማርቲን በትዕግሥት አጠና። በሚያዘነብል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰውነታቸው ራሱን ለማቅናት ይሞክር እንደሆነ ተመለከተ። ወለሉ ላይ መስመር አሰመረላቸው። መስመሮቹ የአካሄዳቸውን አቅጣጫ አቋርጠው፣ አንድ እርምጃ ያህል ተራርቀው ሲሰመሩ፣ ተጣብቆ የቆመው እግር ይነሣል፤ መስመሩን ይሻገራል፤ ቀጣዩንም። መስመሮቹ በአካሄዳቸው አቅጣጫ በቁመት ሲሰመሩ ግን እግሩ አይነሣም። እግሩ የሚፈልገው የሚሻገረው ነገር ነበር።

ምክንያቱ ዛሬ በጥቂቱ ይታወቃል። ጤነኛ ሰው ሲራመድ እግሩን አያስብም፤ ባዛል ጋንግሊያ የሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል የለመደውን እንቅስቃሴ በራሱ ያስኬዳል። በፓርኪንሰን የሚታመመው ይኸው ክፍል ነው። ዓይን አንድ መስመር አይቶ እግር ያንን ሊሻገር ሲነሣ ግን ትእዛዙ በሌላ መንገድ ዞሮ ይመጣል፤ የታመመውን ክፍል በከፊል ያልፈዋል። መንገዱ አለ፤ በር ግን ይፈልጋል፤ በሩ ዓይን ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ በ1985 ባሳተመው መጽሐፉ የ93 ዓመት ሽማግሌ የሆኑ አንድ አናጢ ታሪክ አለ። ፓርኪንሰን ይዟቸው ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ይሄዱ ነበር፤ ሰዎች ሲነግሯቸው ግን አይቀበሉም፤ ለእሳቸው ቀጥ ብለው የሚሄዱ ነው የሚመስላቸው። ሳክስ በቪዲዮ ቀርጾ አሳያቸው። ደነገጡ። ከዚያም አናጢነታቸው ተናገረ፤ ጠረጴዛ ቀጥ ማለቱ በውሃ ልክ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የሰውም ውሃ ልክ በራሱ ውስጥ እንዳለ፣ የእሳቸው ግን እንደተበላሸ ገባቸው። መነጽራቸው ላይ ከዓይናቸው ፊት ትንሽ ውሃ ልክ አስገጠሙ፤ ከሳምንታት ልምምድ በኋላም መስመሯን እያዩ ቀጥ ብለው መሄድ ቻሉ። እሳቸው ባሉበት የአረጋውያን ማረፊያ የነበሩ ሌሎች ታማሚዎችም የእሳቸውን መነጽር ተከተሉ። ኮምፒውተር የሌለው፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ በታማሚ የተፈለሰፈ የሚዛን መነጽር።

ሌላው መንገድ ከላብራቶሪ መጣ። በኤድንበርግ ዴቪድ ሊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1970ዎቹ አጋማሽ ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ ክፍል ሠራ። ወለሉ የቆመበት ይቆማል፤ ግድግዳው ብቻ ወደ ሰውየው ጥቂት ይጠጋል። በውስጡ የቆሙ ጎልማሶች አብረው ተወዛወዙ፤ መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ደግሞ ወደቁ። ምንም ነገር አልገፋቸውም፤ የገፋቸው ያዩት ነገር ነው። በአሜሪካም ሉዊስ ናሽነር በ1970 በኤም.አይ.ቲ. በሠራው የዶክትሬት ጥናት ጀምሮ፣ ወለሉም ግድግዳውም ከሰውየው መወዛወዝ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ወደ ማበጀት ደረሰ። ኢኩዊቴስት ተብሎ ወደ ሆስፒታሎች ገባ፤ ከጠፈር የተመለሱ ጠፈርተኞችም ሚዛናቸው ተለክቶበታል።

በሌላ ጎን፣ ስለ ፓርኪንሰን ምንም ሳያስቡ፣ ኢንጂነሮች የራሳቸውን ሥራ ይዘው ነበር። በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ ከተማሪዎቹ ጋር ራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠራ። ክብደቱ ከባድ ስለነበር ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነበር የሚያዘው፤ በዚህም የዳሞክልስ ሰይፍ የሚል ቅጽል ወጣለት፤ በክር ተሰቅሎ በንጉሥ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ይወዛወዝ በነበረው በጥንቱ ተረት ሰይፍ ስም። የሚያሳየው በብርሃን መስመር የተሠራ ሳጥን ብቻ ነበር። ሰው ራሱን ሲያዞር ሳጥኑ እንደ እውነተኛ ነገር በቦታው ይቆያል። የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችን ለመርዳት የአሜሪካ አየር ኃይል በዚህ ዘርፍ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ በዚያ ሥራ የነበረው ቶም ፈርነስ በ1989 በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሰውና የማሽን መገናኛ ላብራቶሪ አቋቋመ።

መስመሩና መነጽሩ የተገናኙት በዚህ ላብራቶሪ ነው፤ ያገናኛቸውም ታማሚ ነው። ቶም ሪስ በካሊፎርኒያ የእግር ሐኪም ነበር። ገና በወጣትነቱ ፓርኪንሰን ያዘው። የሰውን እግር ሲያክም የኖረ ሰው የራሱ እግር አልታዘዝ አለው። ወለል ላይ የተደረደሩ ነገሮችን እየተሻገረ መራመድ እንደሚችል ሲያስተውል ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ዕቃዎቹ በእውነት ወለሉ ላይ ባይኖሩስ? ዓለምን ሁሉ በመስመር መሙላት አይቻልም፤ መስመሩን ዓይን ላይ ማድረግ ግን ይቻል ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከላብራቶሪው ተመራማሪዎች ጋር፣ በተለይም ከሱዛን ዌግሆርስት ጋር፣ በገበያ ላይ የነበረን የቴሌቪዥን መነጽር ይዘው ሞከሩ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታዩ ምስሎች በእውነተኛው ወለል ላይ የተዘረጉ እስኪመስሉ ይወርዳሉ፤ ባለመነጽሩም እየተሻገራቸው ይሄዳል። በ1995 ሪስና ዌግሆርስት ውጤቱን አብረው አሳተሙ። ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ የጥናቱ ባለቤትም ታማሚም ነበር፤ ይህ በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በሃይፋ የቴክኒዮን ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ዮራም ባራም ወደ ተመሳሳይ መንገድ በሌላ በር ገባ። ቀድሞ በናሳ ለሄሊኮፕተር አብራሪዎች የአቅጣጫ መሪ ምስሎችን ሲያጠና ነበር። አብራሪው መሬት እየሸሸ ሲያልፍ በማየቱ ፍጥነቱንና ከፍታውን እንደሚያውቅ ካየ በኋላ፣ ለእግረኛስ ቢሆን አለ። በ2002 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው መነጽር እንደ ዳማ ሰሌዳ የተከፋፈለ የንጣፍ ወለል ያሳይ ነበር። ከሪስ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ንጣፉ የሚንቀሳቀሰው ታማሚው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሰውየው ከቆመ ወለሉም ይቆማል፤ ሲራመድ ወደ እሱ ይመጣል። ምስሉ አይነዳውም፤ ይመልስለታል።

ይሁንና መስመር ብቻውን ያልፈታው ነገር ነበር። በሜልቦርን ሜግ ሞሪስና ባልደረቦቿ በ1996 እንዳሳዩት፣ ወለል ላይ ምልክት ሲደረግላቸው የታማሚዎቹ እርምጃ ወደ ጤነኛ ሰው ርዝመት ይመለሳል። ሌላ ሥራ አብሮ ሲሰጣቸው ግን እርምጃው ወዲያው ያጥራል። ይህች ግኝት ትንሽ ትመስላለች። ኑሮ ግን በሙሉ እሷ ናት። ሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ አይራመድም፤ ስልክ እየተናገረ፣ ዘንቢል ይዞ፣ መኪና እየሸሸ፣ የልጅ ልጁን እየጠራ ነው የሚራመደው። የሚወድቀውም ያን ጊዜ ነው። ሚዛን የእግር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ጉዳይ መሆኑ እየገባ ሲመጣ፣ ምናባዊ እውነታ መስመር ከመሳል ያለፈ ሥራ አገኘ።

በመካከሉ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ መሣሪያው ከመጫወቻ መደብር መጣ። ኒንቴንዶ በ2007 መጨረሻ በጃፓን፣ በቀጣዩ ዓመት በሌሎች አገሮች የሚቆሙበት ሰሌዳ ለገበያ አቀረበ። ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ቤቱ ውስጥ ዕለት ዕለት ራሱን የመመዘን ልማድ ነበረው፤ ሐሳቡም ከሚዛን መጣ። አራት ማዕዘኖቹ ላይ ክብደት የሚለኩ አራት መሣሪያዎች አሉት፤ ሰው ቆሞ ሲያዘነብል በስክሪኑ ላይ ኳስ ይንከባለላል፣ የበረዶ ተንሸራታች ይታጠፋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ወዲያው አወቁት፤ የሆስፒታሉ ውድ የሚዛን መለኪያ የሚሠራውን ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከእሱ ጋር አይወዳደርም። በ2010 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከላብራቶሪ መለኪያ ጋር አነጻጽረው ብቁ መሆኑን መሰከሩለት።

ከዚያ በኋላ ብራዚል ውስጥ በ2012 የታተሙት ሁለት ጥናቶች ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩን። አንዱ 32 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በጨዋታው ግማሹን በተለመደው የሚዛን ልምምድ 14 ጊዜ አሠለጠነ፤ ሁለቱም ተሻሻሉ፣ ልዩነት ግን አልተገኘም። የሻርኮ ወንበር ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ብሎ ሄደ። 16 ታማሚዎች አሥር ጨዋታ ተሰጣቸው፤ በሰባቱ እንደ ጤነኞች ተማሩ፣ የተማሩትንም ያዙ። በተቀሩት፣ በተለይ ፈጣን ውሳኔ በሚሹት፣ ወደ ኋላ ቀሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ለብዙ ዘመን የፓርኪንሰን ታማሚ አዲስ እንቅስቃሴ መማር አይችልም የሚል ጥርጣሬ ነበርና። ይችላል፤ ምን እንደሚሰጠው መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ለጤነኛ ልጅ የተሠራ ጨዋታ ሁሉ ለ70 ዓመት ታማሚ አይሆንም።

ይህን ትምህርት ቁም ነገር ያደረጉት በቴል አቪቭ የሚሠሩት አናት ሚረልማን፣ ጄፍሪ ሃውስዶርፍና ኒር ጊላዲ ናቸው። በ2011 በ20 ታማሚዎች ከጀመሩ በኋላ ሥራቸው ወደ አምስት አገሮች ሰፋ፤ እስራኤል፣ ቤልጂየም፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስ፣ እንግሊዝ። ታማሚው በመሮጫ ማሽን ላይ፣ እንዳይወድቅ በማሰሪያ ተይዞ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ስክሪን እያየ ይራመዳል። ካሜራ እግሮቹን ይቀርጻል፤ በስክሪኑ ላይ የሚያየውም የራሱን እግሮች እንቅስቃሴ ነው። መንገዱ ባዶ አይደለም። እንቅፋት ይመጣል፣ መሻገር አለበት፤ መንገዱ ይከፈላል፣ መምረጥ አለበት፤ ዓይን የሚስብ ነገር ያልፋል፣ ችላ ማለት አለበት። ሜልቦርን ውስጥ እርምጃውን ያሳጠረው ነገር ሁሉ እዚህ ሆን ተብሎ ተሰናድቶ ቀረበለት። በማያደማ እንቅፋት ላይ እንዲለማመድ።

ለ6 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ያህል። የተመዘገቡት 302 ሰዎች ነበሩ፤ ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው፣ በቀደሙት ስድስት ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የወደቁ። ሁሉም የፓርኪንሰን ታማሚዎች አይደሉም፤ በመጨረሻው ስሌት ከገቡት 282 ውስጥ 130ዎቹ ነበሩ፤ የቀሩት ሌላ ምክንያት ያላቸው የሚወድቁ አዛውንት ናቸው። ከፊሎቹ በስክሪን፣ ከፊሎቹ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ስክሪን ተራመዱ። በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት ይህ ነበር፤ በስድስት ወር በአማካይ ወደ 12 ጊዜ ይወድቁ የነበሩት የስክሪን ሠልጣኞች ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ስድስት ወራት 6 ጊዜ ወደቁ። ያለ ስክሪን የተራመዱት ከ10.7 ወደ 8.3 ወረዱ። ማሽኑ አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ እግሩ የሠራው ሥራ አንድ ነው። የተለየው ዓይንና ሐሳብ የሠሩት ነው። የሻርኮ ወንበር ያላለፈው ፈተና እዚህ ታለፈ።

ደስታው ግን በልክ መሆን ነበረበት። በዚያው በ2016 መጨረሻ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች ስለ ፓርኪንሰንና ምናባዊ እውነታ እስከዚያ የተሠሩትን 8 ጥናቶች፣ በጠቅላላው 263 ታማሚዎችን፣ አንድ ላይ መዘኑ። በእርምጃ ርዝመት በኩል አጭር ጊዜ የሚቆይ መጠነኛ ብልጫ አገኙ፤ በሚዛንና በኑሮ ጥራት በኩል ምናባዊው ሥልጠና ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ጋር እኩል ወጣ፤ ማስረጃውም ገና ደካማ ነው አሉ። ይህን እንደ ውድቀት ማየት አይገባም። ከደህና ባለሙያ ጋር እኩል መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በተለይ ታማሚው ልምምዱን ወዶት ነገም ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ።

በዚያ ዓመት ሙሉ በሙሉ ዓይንን የሚሸፍኑት መነጽሮች ለማንኛውም ገዢ ሱቅ ውስጥ ይገኙ ጀመር። ፍርሃቱ ግልጽ ነበር፤ እውነተኛውን ወለል ማየት የማይችል፣ ሚዛኑ የላላ ሰው፣ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ያቅለሸልሸዋል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 11 የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ከወጣቶችና ከጤነኛ አዛውንት ጋር ኦኩለስ ሪፍት የተባለውን መነጽር አጥልቆላቸው በመሮጫ ማሽን ላይ 20 ደቂቃ አስኬዳቸው። ተራመዱ፤ ጉልህ የሆነ ማቅለሽለሽም አልታየባቸውም።

መስመሩም አልሞተም። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲና የራድባውድ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች በዚያው በ2017 መጨረሻ ከጫማ ጫፍ ቀይ የሌዘር መስመር ወለል ላይ የሚጥል ጫማ አሳዩ። የቆመው እግር ጫማ ለሌላው እግር መስመር ይሰጠዋል። በ21 ታማሚዎች ላይ ሲሞከር የእግር መጣበቁ መድኃኒት ባልወሰዱበት ሰዓት በ46 በመቶ፣ በወሰዱበት በ38 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከዚያው ወገን ተመራማሪዎች በ2020 በማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ መነጽር የተሳለ ምናባዊ ምልክት ሲሞክሩ ግን መጣበቁ አልቀነሰም። የሃይላንድስ ሆስፒታል መስመር በሌዘር ተሳካለት፤ በውዱ መነጽር አልተሳካለትም።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው ዕድሜያቸው አጭር ነው። በብዙ ሆስፒታል የእግር እንቅስቃሴ ይቀረጽበት የነበረው ካይኔክት ካሜራ በ2017 መመረቱ ቆመ። የኒንቴንዶ ሰሌዳም ጊዜው አልፏል። ሆሎሌንስ በ2024 ምርቱ ተቋረጠ። ሥልጠናው በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ ተሠርቶ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ዕቃው ከገበያ ይጠፋል፤ ባለሙያው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ከሕመሙ ጋር ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ እስከዚያ ስንት ዓይነት መሣሪያ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህ የኩባንያዎቹ የሒሳብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለታማሚው ግን የለመደው በትር ከእጁ እንደ መነጠቅ ነው።

ዛሬ አንድ ሠልጣኝ መነጽሩን ሲያጠልቅ የሚያየው ምናልባት የዛፍ ጥላ ያለበት መንገድ፣ ወይም ሰው የሚተላለፍበት አደባባይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ላለ ሌላ ሰው ግን የሚታየው የተለየ ነው። አንድ ሰው ዓይኑ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ሚዛኑን እየፈለገ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ትከሻው አስጠግታ፣ ሳትነካው፣ እግሩ እስኪነሣ ትጠብቃለች።